ጀርባው ባዶ የሆነ ስም

ረቡዕ፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለጠብታዬ፣

እንደምን ነሽ ልጄ? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሻንጣ ስታስገባና ስታስወጣ ትውላለች። ለሚያያት ሠርጉ የአንቺ ሳይሆን የሻንጣው ይመስላል። ገና ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ስታዪ የማን እጅ እንደሆነ እንደምታውቂው እርግጠኛ ነኝ። እንዳትደነግጪ ቀድሜ ልንገርሽ፦ የሞተ የለም፣ የታመመ የለም። የሆነው ሁሉ ደግ ነው።

ለምን በስልኩ አልጻፈልኝም ትዪ ይሆናል። ሰሞኑን በስልክ ስንጻጻፍ ከርመን የለ? ነገር ግን የስልክ ፊደል የሁሉም ሰው ፊደል ነው፤ እኔ ብጽፍበትም ባለ ልኳንዳው ቢጽፍበትም ያው ነው። ዛሬ የምነግርሽ ነገር ውስጥ ደግሞ በራሴ እጅ ካልሆነ የማይጻፍ አለበት። እሱ ጋ እስክደርስ ታገሺኝ። አባትሽ መሰላል ላይም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከላይኛው እርከን ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንቺ የምታውቂው ወዲያ ማዶ ያለውን ግማሹን ብቻ ነውና።

መልእክትሽ የመጣው እሑድ ጠዋት ነበር። እኔ ሥራ ክፍሌ ውስጥ ብሩሽ አጥባለሁ። እናትሽ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ «አባዬ ስሞቻችንን በእጁ ይጻፍልኝ። ለሠርጋችን ድረ ገጽ ነው። ፋይሉ ጀርባው ባዶ መሆን አለበት። ገጹ በወሩ መጨረሻ ይወጣል። እስከዚያ ካልደረሰ በኮምፒውተር ፊደል አወጣዋለሁ።» ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው። አልሰማሁም ብዬ አሠለስኳት። ሰምቼ ነበር እኮ፤ እንዲያው «አባዬ» የሚለውን ደግሜ ልስማው ብዬ ነው።

ሦስት ዓመት ነው ልጄ። የዳቦ ቤቱን ታፔላ በማሽን አወጣሽ ብዬ ከተጣላሁሽ ወዲህ «ሰላም በይልኝ» ከምትባል ቃል ሌላ በመካከላችን ያለፈ የለም፤ እሷም በእናትሽ በኩል ነው። እንደ አንድ ተራ ደንበኛ ሥራ ስታዢኝ ደግሞ መጨረሻው ላይ ያቺን «በኮምፒውተር ፊደል» የምትለዋን ጣል አደረግሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ የት እንደምትወጊኝ ታውቂያለሽ። የታፔላ ጸሐፊ ልጅ ተድራ ስሟ በማሽን ፊደል ከወጣ እኔ አርባ ዓመት መሰላል ላይ የቆምኩት ለምንድን ነው? እልህ ያዘኝ። ለእናትሽ «ንገሪያት፣ ይደርሳል» አልኳት፤ ፋይል የሚባለው ነገር የሚበላ ይሁን የሚጠጣ ሳላውቅ።

በማግስቱ ጥሩ ጣውላ መርጬ ሁለት ጊዜ ነጭ ቀባሁና ስማችሁን በጥቁር ቡናማ ጻፍኩ። ስምሽን ስጽፍ እጄ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ፊደል እግሩን ሲያጥፍ ብሩሹን ቀና ማድረግ እንዳለብኝ እንኳ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከዚያ ትእዛዝሽ ትዝ አለኝ፤ ጀርባው ባዶ ይሁን ብለሻል። የጣውላው ጀርባ ደግሞ የድሮ ሥራ ነበረበት፤ «ጫማ እናድሳለን» የሚል ግማሽ ጽሑፍና ያኔ የደመርኩት የልኬት ቁጥር። ምን ይደረግ? በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አጠብኩት፣ ግማሽ ቀን ሙሉ እሱን ስፈትግ ዋልኩ። እናትሽ መጥታ «አንተ ሰውዬ፣ ጀርባውን ማን ያየዋል?» አለችኝ። ልጄ ባዶ ይሁን ብላለች፣ ባዶ ይሆናል አልኳት። የጣውላው ጀርባ ከፊቱ የበለጠ እስኪያምር ድረስ አጸዳሁትና በእናትሽ ስልክ ሁለት ፎቶ ተነሳ፤ አንዱ የፊቱ፣ አንዱ የጀርባው። ባዶ የጣውላ ጀርባ ፎቶ ለምን እንደላኩልሽ እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝም። ይኸው መልሱ፤ ሳቂ።

አንቺም መለስሽ፦ «አባዬ፣ ፊደሉ በጣም ያምራል። ግን ጀርባው ነጭ ነው እንጂ ባዶ አይደለም። የኔ ገጽ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፤ ስማችን መሐሉ ላይ ነጭ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በፊደሎቹ ዙሪያም አቧራ አለ።»

ነጩን ተይው፤ አቧራ የምትለዋ ናት ያንገበገበችኝ። አባትሽ ብዙ ጉድለት አለበት፤ የፊደሉ ጠርዝ ግን እንደ ምላጭ ነው። ማጉያ መነጽሬን ይዤ ጣውላው ላይ ተደፋሁ። ዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፤ አንዲት ቅንጣት የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሚሉት ነው፤ አቧራው ያለው ስልኩ ውስጥ ሆኖ ሳለ እኔ ጣውላ ላይ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ የማልገባበት ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ታስታውሺዋለሽ። ባለቤቲቱ ያን ትልቅ የባነር ማተሚያ ካስገባች ጀምሮ እኔ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር፤ ለሦስት ዓመት መንገድ እየተሻገርኩ በወዲያኛው ዳር ስሄድ ነው የኖርኩት። ዳቦ ቤቱም ከእሷ ጎን ስለሆነ በአንድ ኩርፊያ ሁለት ቤት እዘላለሁ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ አለችና «ጋሽ ቀለም፣ ዛሬ መንገድ ጠፋብዎት እንዴ?» አለችኝ። ጠፍቶብኝ ነበር፤ አልዋሸኋትም።

ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉልታ ስታሳየኝ እጄን በአፌ ጫንኩ። እውነትም በፊደሉ ዙሪያ ግራጫ ፍርፋሪ አለ። ጥፋቱ የብሩሼ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። የስልክ ፎቶ ጄፔግ በሚባል ዓይነት ነው አሉ የሚቀመጠው። ጄፔግ ማለት እንዲቀለው ብሎ ዐይን ልብ የማይለውን እየጣለ የሚጠቀልል ነው። የሰው ፊት፣ ዛፍ፣ ሰማይ ሲሆን የተጣለውን ማንም አያስተውለውም፤ ጥርት ያለ የፊደል ጠርዝ ሲያገኝ ግን ፍርፋሪው ይታያል። ተነካክቶ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር፣ በመልእክት በተላከ ቁጥር ደግሞ ሌላ ይጥላል። የእናትሽ ሻንጣ አሠራር በትክክል ይህ ነው፤ ከፍታ በዘጋችው ቁጥር አንድ የእኔ ሸሚዝ ይጎድላል።

ስለ ባዶውም ጠየቅኋት። «ነጭ እኮ ቀለም ነው፣ ጋሽ ቀለም» አለችኝ። «ባዶ ማለት እዚያ ቦታ ላይ ምንም አለመኖር ነው፤ ከኋላ ያለው እንዲታይ።» እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ነጭ የቀባሁትን ባዶ ስለው ኖሬያለሁ። ጄፔግ ባዶ የሚባል ነገር መያዝ አይችልም፣ ፒኤንጂ የሚባለው ዓይነት ግን ይችላል ብላ ገና ሳትጨርስ ተማሪዎች ገቡና ተጠመደች። እኔ ደግሞ የምፈልገውን ቃል ይዤ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

ቤት ገብቼ ትተሽው የሄድሽውን አሮጌ ኮምፒውተር ከፈትኩ። ጠቢቡ ሰሎሞን አባትሽ እንግዲህ አየ፦ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ነጥብ አለ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ የጄፔግ ፊደላት አሉ። ታዲያ ምን ችግር አለው? አጠፋኋቸውና የፒኤንጂን ፊደላት ጻፍኩ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አርባ ዓመት ታፔላ የጻፈን ሰው እርግጠኛ ነህ ወይ ይለዋል። በእኔ ሙያ ልብስ ስፌት ቤት ፀጉር ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው፤ የድሮውን ታጠፊያለሽ፣ አዲሱን ትጽፊያለሽ፣ በነጋታው ሰው ፀጉሩን ሊቆረጥ ይመጣል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? እኔም መልአክ ሆኜ አወጣሁለትና ላክሁልሽ።

ያኔ የመለስሽልኝን እስክሞት አልረሳውም። «አባዬ፣ ታፔላውን ነው እኮ የቀየርከው። ቤቱ ያው ነው።»

ሳቅሁ ልጄ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እናትሽ ወጥ የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወድቄ መስሏት ሮጣ መጣች። ለካ ይህ ቤት የእኔን ሳቅ ከሰማ ቆይቷል። ቃሉ ለማንም ሰው ቀልድ አይሆንም፤ ከእኔ መሰላል ሥር ያደገ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ብሎ የሚመልሰው። ቀለም ራስሽ ላይ እየተንጠባጠበ አልሄድም ስትዪ ያወጣሁልሽ ስም ትዝ አለኝ። «ጠብታ» ብዬ ጮክ ብዬ ጠራሁሽ፤ እናትሽ ዞር ብላ ዐይኗን ጠራረገች፤ እኔ እንዳላየ ሆንኩ።

በማግስቱ ተመልሼ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት። አሁን በወጉ ልማር ብዬ ነው የሄድኩት። እመቤቲቱ ስማችሁን በወረቀት አስጽፋኝ ስካን አደረገችው፤ ከዚያ ነጩን ጥቂት በጥቂት እየለቀመች አጠፋችው። የፊደሎቹ ቀለበት ውስጥ ያለውን ነጭ እንዳትረሺ እያልኩ ከጀርባዋ ቆሜ ሳሰለቻት ዋልኩ። ሲያልቅ ግን ደነገጥኩ፤ ከስምሽ ኋላ ግራጫና ነጭ ካሬ፣ ግራጫና ነጭ ካሬ ተደርድሯል። የልጄን ስም ዳማ ላይ ማን አስቀመጠው ብዬ ተቆጣሁ። ሴትየዋ ወንበሯን ይዛ ሳቀች። ለካ ባዶ ነገር አይታይምና ባዶ መሆኑ እንዲታወቅ ነው ማሽኑ ዳማ የሚያነጥፍበት። እስቲ አስቢው፤ የሌለውን ነገር ለማሳየት ሥዕል ያስፈልጋል።

ፒኤንጂው ደረሰሽ፤ ደስ አለሽ፤ በስልክ ላይ አረንጓዴው ከፊደሉ ኋላ ይታያል ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ በቃ ተገላገልኩ ብዬ እናትሽን ለስላሳ ጋበዝኳት። ለስላሳው ሳያልቅ ሌላ መልእክት መጣ፦ በትልቅ ስክሪን ላይ ሲጎላ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ከመጀመሪያው በትልቁ ከተሠራ ደግሞ ፋይሉ ይከብዳል፣ ኔትወርኩ ቀጭን የሆነባት አክስትሽ ገጹ እስኪከፈትላት ሠርጉ አልፎ ልጅ ይወለዳል። ከዚያ ቀጥሎ ያ ረጅሙ መልእክት መጣ። ወረቀት ላይ ገልብጬ ሥራ ክፍሌ ለጥፌዋለሁ፦

«ኤስቪጂ ብታደርገው ይሻላል፣ አባዬ። ኤስቪጂ ፎቶ አይደለም፤ እንዴት እንደሚሳል የሚናገር መመሪያ ነው። አንተ ትንሽ ወረቀት ላይ ነድፈህ፣ በካሬ ከፍለህ ግድግዳ ላይ እንደምታጎላው ማለት ነው። መመሪያው ትንሽ ነው፣ ግድግዳው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ፊደሉ አይደበዝዝም።»

ያኔ ዐይኔ በራ። ጄፔጉም ፒኤንጂውም የየራሱ ቦታ እንዳለው ገባኝ፤ የእናትሽና የእኔ የድሮ ፎቶ በጄፔግ ይሁን፣ ፍርፋሪው ቢጎድል ሽበታችን ነው የሚቀንሰው። ፊደል ግን ከጥንትም መመሪያ ነው። እኔ ለአርባ ዓመት ስሙን ሳላውቅ ኤስቪጂ ስሠራ ኖሬያለሁ። ከዚህም በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነው። በካሬ ከፍዬ ሳጎላ አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ የገመዱን ጫፍ የምትይዢልኝ አንቺ ነበርሽ። አልረሳሽውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ነው። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ማውስ ያዝኩ። ልጄ፣ በማውስ መጻፍ በእርጥብ ሳሙና እንደ መጻፍ ነው። ፊደሉ ዙሪያ ነጥብ እየተከልሽ መስመሩን ከነጥብ ወደ ነጥብ ትወስጂዋለሽ፤ ነጥቡን ስትጎትቺው መስመሩ ይጎብጣል። እኔ በጣም ጥንቁቅ ሆኜ ለአንዲት ፊደል መቶ አርባ ነጥብ ተከልኩ። ፊደሏ ኩፍኝ የያዛት መሰለች። አንቺም «ነጥብ ቀንስ፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል» ብለሽ መለስሽ። ቀነስኩ፤ «አሁንም ቀንስ» አልሽኝ። በሦስተኛው ቀን እመቤቲቱ ሱቅ ተቀምጬ ማውሱን ተውኩና እጄን በአየር ላይ እንደ ልማዴ አንቀሳቀስኩ፤ ደንበኞቹ አበደ ብለው ይሆናል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ነጥብ የሚያስፈልገው ብሩሹ በሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ነው። ሌላውን መስመሩ ራሱ ያውቀዋል። ስምሽ በሃያ ሁለት ነጥብ አለቀ። የአማቼ ስም ሠላሳ አንድ ፈጀ፤ ሰውየው ገና ከአሁኑ ያስቸግራል በይልኝ።

የወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን ሲቀረው ላክሁ። መልስ የለም። ያን ቀን ሙሉ መልስ የለም። እናትሽን ስልክሽ ባትሪ አለው ወይ እያልኩ አሰለቸኋት። ሳይሆን ቀርቶ በኮምፒውተር ፊደል አወጣችው ማለት ነው አልኩ በሆዴ፤ ምሳዬንም በወጉ አልበላሁም። በነጋታው ጠዋት ሥራ ክፍሌ ሳለሁ የፎቶ ኮፒ ቤቷ እመቤት በሩ ላይ ቆማ «ጋሽ ቀለም፣ ገጹ ወጥቷል፣ ይምጡ» አለችኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት ቢባል ውሸት አይደለም።

አየሁት ልጄ። ያ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ የእናንተ ስም፣ ኋላው ባዶ፤ ሣጥን የለ፣ አቧራ የለ። እመቤቲቱ አጎላችው። አሁንም አጎላችው። የስምሽ ሁለተኛ ፊደል ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላው አጎላችው፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ በትንሽ ጽሑፍ «ፊደሉ የአባቴ እጅ ነው» ይላል። እሱን ሳይ መነጽሬ ጉም ያዘው፤ ሰው ፊት ነው ብዬ አልተደበቅሁም። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡት ሁሉ አጨበጨቡ። አንዱ ደግሞ ይህ የማሽን ፊደል ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ይቅር ብየዋለሁ።

አሁን በእጄ መጻፍ ያለብኝ ጋ ደረስኩ።

ሰዉ ሲበተን እመቤቲቱ ወንበር ሳበችና «አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡ» አለችኝ። «ልጅዎ ይህን ሥራ ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ ራሷ በሩብ ሰዓት ትጨርሰው ነበር። እንጀራዋ እኮ ይኸው ነው።» አይሆንም፣ እጄን እንዴት ታውቀዋለች አልኳት። ማሽኗ ውስጥ ቆፍራ አንድ የቆየ ፋይል ከፈተችልኝ። የዳቦ ቤቱ ታፔላ ነበር።

ጠብታዬ፣ የእኔ ፊደል ነው። ነጥቦቹ ሁሉ የተተከሉት ብሩሼ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ለካ ከድሮ የንድፍ ደብተሬ ላይ አንስተሽ፣ እዚያው ወንበር ላይ ሳምንት ሙሉ ተቀምጠሽ፣ አንድ በአንድ በእጅሽ ስለሽዋል። እኔ ግን ባነሩ ሲሰቀል ከወዲያኛው ዳር ሆኜ ጨርቅ መሆኑን ብቻ አየሁና «ሂጂ ከማሽንሽ ጋር ኑሪ» አልኩሽ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። አንቺም የእኔ ፊደል መሆኑን አንድ ቀን ራሴ ቀና ብዬ አይቼ እንድነግርሽ ጠበቅሽ መሰለኝ። ሦስት ዓመት ቀና ብዬ አላየሁም።

ከዚያ ወጥቼ ዳቦ ቤቱ ፊት ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ፤ ዳቦ ጋጋሪው ወጥቶ ዳቦ ፈልገህ ነው ወይ ሲለኝ ታፔላህን እያየሁ ነው አልኩት። ጥሩ ነው ታፔላው። የፊደሎቹ ክፍተት ከእኔ ይሻላል። ይህን የሚልሽ ሌላ ሰው ሳይሆን አባትሽ ነው።

የሄድሽ ዕለት የመድኃኒት ቤቱን ግድግዳ እየጻፍኩ ነበር። መኪናችሁ ከሥሬ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ አንቺም በመስኮት ቀና ብለሽ እንዳየሽኝ አይቻለሁ። አልወረድኩም። መውረድ ነበረብኝ ልጄ። ይቅር በይኝ።

ይኸው ወረደልኝ። አሁን ቀለል ብሎኛል።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ ገጹ ላይ የጻፍሽውን ነገርኳት። እስካሁን ለሠርጉ ትሄዳለህ ወይ ስትለኝ ካልጠራችኝ አልሄድም እል ነበር፤ እንዲያው ሞገደኛነት ነው። እሷ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ጥቁር ሙሉ ልብሴን አወጣች። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ነበር። መቼ ነው ያሳጠብሽው ብላት ገና የመጀመሪያው መልእክት የመጣ ዕለት ነው አለችኝ። ሁላችሁም ከእኔ ቀድማችሁ ነው የምታውቁት። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ዘግይቶ የሚገባኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ በሰኔ ሁለት ሰው ጠብቂ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ ትንሽ ይዞኛል፣ እሱን ከአማቼ ጋር እንነጋገርበታለን።

እዚህ ሰፈር ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ እመቤት የአንድ ወንበር ቦታ ሰጥታኛለች፤ ታፔላ የሚፈልግ ሲመጣ በእጄ እጽፋለሁ፣ ስካን ታደርጋለች፣ ነጥቡን እተክላለሁ፣ ታትማለች። ይህን ደብዳቤም የምጽፍልሽ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ትናንት አንዲት ልብስ ሰፊ መጥታ ፎቶዋን ለገጿ በምን ላስቀምጠው ብላ ስትጠይቅ ቀድሜ «ጄፔግ፤ ስምሽን ግን በኤስቪጂ» አልኳት። እመቤቲቱ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችኝ። ኩራቴን ብታዪው።

ሰሞኑን መልእክቶችሽን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሰባት ናቸው። ሁሉም ስለ ፋይል ነው የሚያወሩት። «ነጥብ ቀንስ» የምትለዋን ደጋግሜ ሳነብባት ሌላ ነገር ትላለች። እኔም የመለስኩልሽን ሁሉ ደግመሽ ብታነቢው ያው ነው።

ፈጣሪ ትዳራችሁን በሰፋ ቁጥር የማይደበዝዝ ያድርገው። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ፍርፋሪ የማይጥል ይሁን። ቤታችሁ ሙሉ፣ ከኋላችሁ ያለው ሁሉ የሚታይ ይሁን። እጅሽ አይዛል፣ ዐይንሽ አይድከም። አማቼን ሰላም በይልኝ፤ ይህችን «ሰላም በይልኝ» አሁን በደስታ ነው የምልሽ።

የሚወድሽ አባትሽ

እንዳልረሳው፦ ከሠርጉ በኋላ ገጹ ላይ የሚወጣ «እናመሰግናለን» ጻፍልኝ ብለሽኝ ነበር። ጽፌ ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ። ሳልቸኩል አልቀረሁም፤ በጄፔግ ያስቀመጥኩት መሰለኝ፣ ጀርባውም ነጭ ነው። እመቤቲቱ አይታ «ጋሽ ቀለም፣ ይህን እኮ ተምረው ካለፉት ቆዩ» አለችኝ። እኔ ግን እንጃ። ችግር ካለው መልሺልኝ።